ለከረሜላ መርማሪዎች የቀረበ ምስጋና

ጥቅምት ሊጋመስ ሲል ያ መልእክት ዘንድሮም መጣ። «ወላጆች ተጠንቀቁ! ከረሜላ የሚመስል ዕፅ በሃሎዊን ለልጆቻችን ሊታደል ነው! ለምታውቁት ሁሉ አዳርሱ!» ሃሎዊን ማለት አሜሪካ ውስጥ ልጆች ልዩ ልብስና ጭምብል አድርገው ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ ከረሜላ የሚሰበስቡበት በዓል ነው። መልእክቱ ከአክስቶቼም ከዕቁባችን ዳኛም ደርሶኛል፤ እናንተም እንዳልቀረባችሁ አውቃለሁ። ዕፅ በነጻ የሚያድለው ደግ ነጋዴ የት ሰፈር እንደሚገኝ ግን መልእክቱ አይናገርም።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያሉት የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ወላጆቻችን ንቃት ሊመሰገን ይገባዋል። በተለይ መርማሪው አባት። ኦክቶበር 31 ማታ ልጆቹ ቤት ሲገቡ ከረጢታቸውን ይወርስና ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፈዋል። መነጽሩን ያደርጋል። ቸኮሌቱን አንድ በአንድ ወደ አምፖሉ ያነሳል፤ የመርፌ ቀዳዳ ይፈልጋል። ያሸታል። ይነቀንቃል። ጆሮው ላይም ያስጠጋዋል፤ ቸኮሌቱ ምን እንዲናዘዝለት እንደሚጠብቅ እንጃ! ከዚያ ተጠርጣሪዎቹን ይለያል። ለውዝ ያለበት ሁልጊዜ ተጠርጣሪ ነው፤ ካራሜል ያለበትም አያመልጥም። በዓይን ያልጠራው ጥርጣሬ በምላስ ይጣራል። ለልጆቹ ሲል ራሱን አሳልፎ ይሰጣል፤ አንዱ ናሙና ካላሳመነው ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይቀምሳል። እኩለ ሌሊት ላይ ምርመራው ሲዘጋ ከወንጀል ነጻ ሆነው የሚገኙት ጥርስ የሚሰብሩት ደረቅ ከረሜላዎች ብቻ ናቸው። ልጆቹ ማልቀሳቸውን የደስታ ነው እንበል።

ይኸው ጀግና ከምርመራው በፊት የት ነበር? መኪናው ውስጥ። ልጆቹ ከደጅ ወደ ደጅ ሲሮጡ እርሱ ከኋላቸው እየተንፏቀቀ፣ አንድ እጁን መሪው ላይ፣ ሌላውን ስልኩ ላይ አድርጎ ለአገር ቤት አያት ቪዲዮ ይቀርጻል። ልጁ ከራስ እስከ እግሩ ጥቁር ለብሷል፤ ጭምብሉ ዓይኑን ጋርዶታል፤ በቆሙ መኪናዎች መካከል ድንገት ብቅ ይላል።

እዚህ ላይ መቀለድ አልችልም። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 2016 ያለውን የአሜሪካ መረጃ የመረመረ፣ ጃማ ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በሃሎዊን ምሽት እግረኛ በመኪና ተገጭቶ የመሞት አደጋ ከሳምንት በፊትና በኋላ ካሉት ምሽቶች በ43 በመቶ እንደሚበልጥ ያሳያል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ለሆኑት ሕፃናት ወደ አሥር እጥፍ ይደርሳል። መርዙስ? እ.ኤ.አ. በ1974 ቴክሳስ ውስጥ አንድ የ8 ዓመት ልጅ በተመረዘ የሃሎዊን ከረሜላ ሞቷል፤ የመረዘው የሕይወት መድን ገንዘብ የፈለገው የገዛ አባቱ ነበር። ሕፃናት አስፋልት ላይ እየወደቁ እኛ ቸኮሌት እናሸታለን!

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። አንዲት እናት ልብሳቸው ላይ አንጸባራቂ ቴፕ እንለጥፍ፣ ጭምብሉን ትተን ፊታቸውን እንቀባ፣ የእጅ ባትሪ እናስይዛቸው፣ እኛም በእግር አብረን እንዙር ብላ ጽፋ ነበር። የመለሰላት አንድ ሰው ብቻ ነው። ቴፑ የሌሊት ወፉን ልብስ ፎቶ ላይ ያበላሸዋል አለ። በእግር ስለ መዞሩ ደግሞ ብርዱን አስታወሳትና፣ መርማሪው ጉንፋን ከያዘው ማን ሊያሸት ነው ሲል ጠየቀ።