የተኮሰ ራሱ ይበልት

በኃይለኛ ጠመንጃ የመጀመሪያውን አጋዘን የመታሁት በ60 ሜትር ርቀት ላይ ነው። እዚያው ወደቀ። አንድ እርምጃ እንኳ አልሄደም። ከልቤ ደስ አለኝ። ደስታዬ የዘለቀው ግን ቆዳው እስኪገፈፍ ድረስ ብቻ ነበር። ጥይቱ የገባበት ወርች ደም ቋጥሮ ጠቁሯል። የወጣበት ወርች ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። የአጥንት ስብርባሪ ከሥጋው ጋር ተለውሶ በእጅ የሚያዝ ነገር አልነበረውም። ሁለቱንም ወርች ጣልን። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ "ጠመንጃህ ለዚህ እንስሳ በዝቷል" አለኝ። ለዓመታት አመንኩት። ዛሬ ግማሹን ብቻ ነው የማምነው።

አዳኞች በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ "ጠመንጃው ኃይለኛ ሲሆን እንስሳው ሳይሠቃይ ይሞታል" ይላል። ሌላው "ማግነም ሥጋ ይጨርሳል፣ ተወውና አነስ ያለ ያዝ" ይላል። ማግነም የሚባለው ብዙ ባሩድ ይዞ በከፍተኛ ፍጥነት የሚተኮስ ጥይት ነው፤ ጠመንጃውም በዚያው ስም ይጠራል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ጠመንጃው ነው። ስለ ሥጋው የሚያውቀው የበለተው ሰው ነው። ብዙ ተኳሽ ደግሞ አይበልትም። እንስሳውን ለሌላ ሰው አስረክቦ ይሄዳል፤ ከቀናት በኋላ የታሸገ ሥጋ ይቀበላል። ምን ያህል እንደተጣለ አያይም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜም በዚያው ጥይት፣ እዚያው ቦታ ላይ ይተኩሳል። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ሥጋ አብዛኛው ውሃ ነው። ፈጣን ጥይት ሲገባ በዙሪያው ያለውን ሥጋ በኃይል ወደ ጎን ይገፋዋል። ለቅጽበት ከጥይቱ ውፍረት እጅግ የሰፋ ባዶ ቦታ ይከፈታል፤ ወዲያው ተመልሶ ይከደናል። ሥጋ በተፈጥሮው ይለጠጣል። ከአቅሙ በላይ ሲለጠጥ ግን ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ይበጣጠሳሉ፣ ደሙም በጡንቻዎቹ መካከል ይሰራጫል። ስንገፍፍ የምናየው ያ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ ነገር ይሄ ነው። ጥይቱ ውስጥ ገብቶ ከተሰባበረ ደግሞ እያንዳንዱ ስባሪ ያንን የተለጠጠ ሥጋ ይቀድደዋል። አጥንት ላይ ካረፈም የአጥንቱ ስባሪ ራሱ እንደ ጥይት ሆኖ ይሄዳል።

ፍጥነት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በቁጥር ላሳይ። እ.ኤ.አ. በ1895 የወጣው .30-30 ዊንቸስተር የተባለ ጥይት 11 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር፣ ማለትም ተተኩሶ የሚሄደውን ክፍል፣ በሰከንድ 670 ሜትር ያህል ይልካል። በ1963 የወጣው .300 ዊንቸስተር ማግነም ትንሽ ብቻ ከበድ የሚል፣ 11.7 ግራም የሆነ አረር በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ ይልካል። የአረሮቹ ክብደት ተቀራራቢ ነው። ጉልበታቸው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናልና። የድሮ አዳኞች በዘገምተኛ ጥይት የተመታን እንስሳ "እስከ ቀዳዳው ጫፍ ድረስ ይበላል" የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ማግነም የያዘ ሰው ምን ያድርግ? ጠመንጃውን መጣል የለበትም። መጀመሪያ ጥይቱን ይይ። ለስላሳ፣ ቶሎ የሚፈነዳ አረር በቅርብ ርቀት ላይ በሙሉ ፍጥነት ሲመታ ይበታተናል። እኔ ያን ቀን የተኮስኩት እንዲህ ያለውን ነበር። ይሄ ችግር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ ግዙፍ የሰሜን አጋዘን፣ ሙስ የሚባለውን፣ ሲያድን ፈጣን ጥይቱ ላይ ላዩን ፈንድቶ ወደ ውስጥ አልገባለት አለ። ከዚያ ተነስቶ መሃሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። የፊቱ ግማሽ ይከፈታል፣ የኋላው ግማሽ ግን ሳይሰበር ይቀጥላል። ፓርቲሽን ብሎ ሰየመው፤ በ1948 ለገበያ አቀረበው፤ ዛሬም ይሸጣል። ከዚያ ወዲህ እርሳሱ ከመዳብ ሽፋኑ ጋር የተጣበቀ አረር መጣ። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራም መጣ። የመዳቡ አረር እንደ አበባ ይከፈታል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይበታተንም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መዳብ ጠንካራ ስለሆነ ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ከማግነም ጋር ጥሩ ይስማማል። ለስላሳው አረር ደግሞ ከዘገምተኛው ጠመንጃ ጋር ይስማማል። ሥጋ የሚፈጀው ፈጣኑ ከለስላሳው ጋር ሲጣመር፣ ርቀቱ ሲቀርብና መሃል ላይ አጥንት ሲገባ ነው። የእኔ አጋዘን አራቱም ደርሰውበታል። ያው ጥይት 300 ሜትር ላይ ቢሆን ከፍጥነቱ አንድ አምስተኛውን ያህል አጥቶ ይደርስ ነበር፤ ጉዳቱም በቀነሰ። ይሄን ስል ግን ለሥጋው ብላችሁ ከሩቅ ተኩሱ ማለቴ አይደለም። ከሩቅ መሳት ይበዛል፤ አቁስሎ ማጣት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። ጫካ ውስጥ በቅርብ የሚያድን ሰው ጠንከር ያለ አረር ይምረጥ። ለራሱ ጥይት የሚሞላ ሰውም ባሩዱን በታወቀው የአሞላል መመሪያ ልክ ቀንሶ ፍጥነቱን ማውረድ ይችላል።

ከጥይቱም በላይ የሚወስነው የምንመታበት ቦታ ነው። አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም፣ ከፊት እግሩ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከደረቱ ቁመት ከታች ሲሶውና ግማሹ መካከል ማነጣጠር። እዚያ ያለው ሳንባ ነው። ጥይቱ የሚያልፈው በስሱ የጎድን ሥጋ በኩል ስለሆነ የምናጣው ትንሽ ነው። ወርቹም ይተርፋል፣ ከጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ የተኛው ምርጡ ሥጋም ይተርፋል። ከፍ አድርጎ ትከሻና አከርካሪ ላይ የሚተኩስ ሰው የሚያበላሸው ያንኑ ምርጡን ነው። በጣም ወደ ኋላ የሄደ ጥይት ደግሞ ጨጓራና አንጀት ይበሳል። እንስሳው ይሠቃያል። ፈርሱ ሥጋው ላይ ከፈሰሰ በኋላ የሚደረገው ሥራ በጥይት ከተጎዳው ሥጋ ይብሳል።

ሳንባው የተመታ አጋዘን 50 ወይም 100 ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ትከሻ ላይ የሚተኩሱት ሰዎች የሚያነሱት ክርክር ይሄ ነው፤ እኔም አልንቀውም። ሊመሽ ሲል፣ ጥሻው ጥቅጥቅ ሲል፣ ወይም የምናድንበት መሬት ድንበር ቅርብ ሲሆን የሮጠ እንስሳ ሊጠፋ ይችላል። አንድ ወርች ማጣት ሙሉውን አጋዘን ከማጣት ይሻላል። እንደዚያ ባለ ቀን እኔም ትከሻውን እመታለሁ። ግን ሜዳው ክፍት ሆኖ፣ ብርሃን እያለ፣ ከልማድ ብቻ ትከሻ ላይ መተኮስ ምንም ምክንያት የለውም።

ስለ ማግነም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች መስማት አይፈልጉም። ጠመንጃው ወደ ኋላ በኃይል ይመታል። ደጋግሞ የመታው ሰው ቃታውን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ያሸሻል። ጥይቱም ከሳንባው ስቶ ታፋ ወይም ሆድ ላይ ያርፋል። አነስ ባለ ጠመንጃ ተረጋግቶ የሚተኩስ ሰው ከዚህ የተሻለ ሥጋ ይዞ ይመለሳል። ማግነሙን የሚፈራው ሰው አነስ ያለውን ይያዝ፤ ነውር የለውም።

አረሩ ውስጥ ያለው እርሳስ መርዝ ስለሆነ፣ የእርሳሱ ጉዳይ ደግሞ ከብክነት ያለፈ የጤና ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የአሜሪካ ጥናት በ7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነም፣ በእርሳስ ጥይት የተገደሉ 30 አጋዘኖች በኤክስሬይ ታዩ። ሁሉም ውስጥ ስብርባሪ ተገኘ፤ በአማካይ 136። ከዚያ ወደተለያዩ ሥጋ አዘጋጅ ድርጅቶች ተላኩ። ተፈጭቶ በመጣው ሥጋ ውስጥም ከ30ዎቹ የ24ቱ ላይ የጥይት ስባሪ ተገኘ። ቅንጣቱ በዓይን አይለይም፣ በጥርስም ላይታወቅ ይችላል። በእርሳስ ጥይት የሚያድን ሰው የቁስሉን ዙሪያ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ ይጣል፤ ያንን ሥጋ ወደ መፍጫው አያስገባ።

ደም ያየ ሁሉ ግን አይጣል። አብዛኛው ደም የሚጠራቀመው በጡንቻና በጡንቻ መካከል ባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑን በጣትና በቢላ ጫፍ ቀስ ብሎ ሲገፉት ከሥር ንጹሕ ሥጋ ይወጣል። ትዕግሥት ይፈልጋል። ቶሎ መሥራትም ይፈልጋል፤ ደም የቋጠረ ሥጋ ፈጥኖ ይበላሻልና።

እኔ አሁን ሁሉንም ራሴ እበልታለሁ። የሚጣለውን ሥጋ ከመጣሌ በፊት ሚዛን ላይ አስቀምጠዋለሁ። ክብደቱን ከአረሩ ዓይነት፣ ከርቀቱና ከመታሁበት ቦታ ጋር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ ለስላሳ አረር፣ 60 ሜትር፣ ትከሻ፣ ሁለት ወርች። የመጨረሻው ደግሞ፦ የመዳብ አረር፣ 140 ሜትር፣ ጎድን፣ 300 ግራም።