ክብር ለሶኬት አርበኞቻችን

ሰሞኑን ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ የኬክ ፍሪጁን ነቅሎ የኤሌክትሪክ ስኩተሩን ቻርጀር የሰካው ወንድማችን ሊመሰገን ይገባል። ክሬሙ ቀለጠ እንጂ ምን ሆነ? ሐዋሳ እንደሆነች ሜዳ ናት፤ ማታ ቤቱ የሞላውን ባትሪ ቀኑን ሙሉ ሊዞርበት ይችል ነበር። ግን የቤቱ ቆጣሪ ካርድ የሚበላው ከእሱ ኪስ ነው።

አንድ ማኪያቶ ይዞ የሚውለውም ዕውቀት አለው። 60 ቮልት 20 አምፒር-ሰዓት የሚባለው የስኩተር ባትሪ ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ አምስት ተደርድሮ ነው። አብሮት የሚመጣው ቻርጀር 3 አምፒር ገደማ ስለሚሰጥ ከባዶ ለመሙላት ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል። ማኪያቶዋ እስከዚያ መቆየት አለባት። «ምን ይበላል ብላችሁ ነው?» ይላል። እውነቱን ነው፤ እንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሲስብ የእሱ 250 ዋት እንኳ አይሞላም። ታዲያ ይህ ምንም የማይበላ ነገር አንድ ቀን እሱ ቤት ቢበላ ምን ነበረበት?

ከሁሉም የሚደነቀው ግን ለቅሶ ቤት የሚዞረው ነው። ድንኳን የት እንደተተከለ ከዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ቀድሞ ይሰማል። ድንኳን ካለ አምፖል አለ፤ አምፖል ካለ ከግቢ የተሳበ መስመር አለ። «ወይኔ ጋሼን!» እያለ ይገባል። ሟቿ እትዬ መሆናቸውን የሚሰማው ቻርጀሩን አግዳሚው ሥር ከሰካ በኋላ ነው። 30 ፐርሰንት ላይ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፤ 50 ላይ ንፍሮ ይዘግናል፤ 70 ላይ ካርታ ያድላል። ፈጣን ቻርጀር ያላቸው የሊትየም ለቀስተኞች ቶሎ ተጽናንተው ይሄዳሉ፤ የእሱ የአሲድ ነውና ያመሻል። መብራት ሲጠፋ ከሟች ልጆች በላይ ደረቱን ይደቃል። ቤተሰቡም «እማዬን እንዲህ የሚወዳት ሰው ነበር?» እያለ ይገረማል። ባትሪው 80 ካለፈ በኋላ ደግሞ የሚቀበለው አምፒር እየቀነሰ ስለሚሄድ የመጨረሻዋ 20 ፐርሰንት አታልቅም። እሷን ለሠልስት ይቀጥራታል።

ቻርጀር የሚዋዋሱትንም አንርሳ። ጫፉ ከገባ ይሞላል ባዮች ናቸው። የ60 ቮልት የአሲድ ቻርጀር እስከ 73 ቮልት አካባቢ ይወጣል፤ 16 ሴል በተከታታይ የታሰረበት ሊትየም ደግሞ 67.2 ላይ መቆም አለበት። በመሃል ያለችው ባትሪው ውስጥ ያለች ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ናት። እሷ ከተበላሸች የሚያቆመው የለም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ የምታደርጉ ሰዎች፣ ምን ነካችሁ? ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ያወረዳችሁት ቀጭን ኤክስቴንሽን ጥቅልሉ እንኳ አልተፈታም፤ በዚያው ላይ ምድጃ ሰክታችሁበታል። ጥቅል ገመድ ሙቀቱን ማውጣት አይችልም፤ የላላ ሶኬት ይግላል፣ ይቀልጣል። ሊትየም አንዴ ከተቀጣጠለ በባልዲ ውኃ አይበርድም፤ ጭሱም መርዝ ነው። መውጫው ያው አንድ ደረጃ ነው፤ እሱን ነው የዘጋችሁት። ፎቅ ላይ ሕፃናት ተኝተዋል። ነውር ነው!

ወደ ምስጋናው እንመለስ። ባለካፌዎች ሶኬታቸውን በፕላስተር ማሸግ ሲጀምሩ አርበኞቻችን ካቻቢቴ ይዘው መምጣት ጀምረዋል። የአሲዱን ባትሪ ነቅሎ ቤት ማስገባት አይሞከርም፤ አምስቱ አንድ ላይ 30 ኪሎ ያልፋሉ፤ ወገብ ደግሞ መለዋወጫ የለውም። የሌላ ሰው ግድግዳ ቀላል ነው።

አልፎ አልፎ በሰዓት የሚያስከፍል፣ ዋጋውን በር ላይ የለጠፈ ፀጉር አስተካካይ ይገጥማቸዋል። ያኔ ቁጣቸውን አያድርስ! «ለመብራት ደግሞ ይከፈላል እንዴ?» ብለው በሩን ወርውረው ይወጣሉ። ጥቂት ቆይተው ግን ይመለሳሉ፤ ለካ ስልካቸውን መስተዋቱ ሥር ሰክተው ነበር። «ሞልቷል?» ይላሉ።