የድሃ ልጅ ቃላት አላጠረውም
«የድሃ ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡት ቃላት አጥሯቸው ነው» የሚለው አይዋጥልኝም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው፣ «የድሃ ልጅ በሕፃንነቱ የሚሰማው ቃል ከሀብታም ልጅ በ30 ሚሊዮን ያንሳል» የሚለው የአሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች የሃርትና የሪዝሊ ጥናት እኮ የተከታተለው 42 ቤተሰቦችን ብቻ ነው። ከእነሱ ውስጥ በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩት ድሆች ደግሞ 6 ነበሩ! መምህር ነኝ። ሥዕል አሳይቼ «ይህ ምንድን ነው?» ስላት ዝም ያለችኝ ልጅ፣ በእረፍት ሰዓት የጨዋታውን ሕግ ለጓደኞቿ አንድ በአንድ ስታስረዳ ሰምቻታለሁ። ቤቷ መልሱን እያወቀ የሚጠይቃት ሰው የለም፤ ግራ የገባት ለዚያ ነው። የተማሩ ወላጆች ያሳደጉት ልጅ ግን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለምዶታል። «ልጆቹ ቃላት እንዲያውቁ ወላጆች ይሠልጥኑ» ለሚሉት፦ መጀመሪያ እኛ መምህራን አጠያየቃችንን እንቀይር። «ጨዋታውን አስተምሪኝ» ስላት አንደበቷ ተፈታ።