እርጥብ ግድግዳ ለምን ትለስናላችሁ?
ለደቻቱ ዳር ነዋሪዎች የቀረበ ተግሳጽ

የድሬዳዋ ሰዎች ሆይ፣ ይልቁንም በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ቤት ያላችሁና ቤት የምታከራዩ ወገኖቼ፤ በዚህች ከተማ «አንቱ» መባባል እንደ መራራቅ ስለሚቆጠር፣ ነገሬን ሳላሽሞነሙን በቀጥታ ብናገራችሁ እንደማትቀየሙኝ አምናለሁ። ደራሽ ውሃ ቤታችን ገብቶ በወጣ በሳምንቱ ግድግዳውን በስሚንቶ ለስነን፣ ቀለም ቀብተን፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው እንቀመጣለን። ጎረቤት «እንኳን ተረፋችሁ» ሊለን ሲመጣ ነጭ ግድግዳ እናሳየዋለን። ይህ ጥገና አይደለም፤ መሸፈን ነው። ይህንንም የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ያህል በግንበኝነት እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝና፣ ከእነዚያ እርጥብ ግድግዳዎች መካከል ብዙዎቹን የለሰንኋቸው እኔው ራሴ ነኝ።

ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ቀን ውሃ የሌለበት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ከደጋ አዲስ የመጣ እንግዳም ሰፊ መንገድ እንጂ ወንዝ አይመስለውም። ዝናቡ የሚወርደው ግን እኛ ላይ ሳይሆን ከበላያችን፣ በደንገጎ በኩል ባለው ተራራ ላይ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ምድር ለጥቂት ሰዓት ዶፍ ሲጥል፣ ዛፉ የተመነጠረው ገደል ውሃውን መያዝ ያቅተውና ወደ 1,200 ሜትር ግድም ወደምትገኘው ከተማችን ይለቀዋል፤ እኛም አንድ ጠብታ ሳይነካን ውሃው ከደጃችን ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ በጎርፉ የሆነውን ለእናንተ መተረክ አያስፈልገኝም። ከ250 በላይ ሰው ሞቷል፤ የሞተውም አብዛኛው በተኛበት ነበር። ከዚያ ወዲህ በወንዛችን ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ሥራውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ግንብ በወንዙ የሚመጣውን ይገታል እንጂ ከየመንደሩ የሚወርደውን፣ በቆሻሻ ከተዘጋ ቦይ የሚመለሰውንና ከግንቡ ጀርባ የሚጠራቀመውን አይገታም። ስለዚህ ቤታችን ዛሬም ውሃ ይገባዋል፤ በቁመት ከፊተኛው ቢያንስም ይገባዋል።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ደቻቱ አያሳስቅም፤ እንደ መኪና እያገሳ መጥቶ እያገሳ ይሄዳል። እያሳሳቀ የሚወስደን ወንዙ ከሄደ በኋላ በግድግዳችን ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው።

የብዙዎቻችን ቤት የእንጨትና የጭቃ ነው፤ ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ምርጊቱ በጭድ የተቦካ ጭቃ። ይህ ግድግዳ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ጭቃ ቤትን የሚንቅ ሰው ጭቃን የማያውቅ ሰው ነው። ውሃ የጠገበ ጭቃ ግን እርስ በርሱ የተያያዘበትን ኃይል ያጣል፤ መሬት ውስጥ የገባው የቋሚ እግር መበስበስ ይጀምራል፤ ምስጥም እርጥብ እንጨት ካገኘች ሌላ ግብዣ አትፈልግም። የዳነው ቤት የሚድነው ጭቃው በሁለቱም ፊቱ ተንፍሶ ውሃውን ለአየር ሲመልስ ነው። እናንተ ግን ገና ሳይተነፍስ የስሚንቶ ልስን ታለብሱታላችሁ። ስሚንቶ እንደ ጭቃ አይተነፍስም። በውስጡ የታሰረው ውሃ በፊት ለፊት መውጫ ሲያጣ ሽቅብ ይሳባል፤ መጀመሪያ ከጉልበት በታች የነበረው እርጥበት ከወራት በኋላ ወገብ ድረስ ይታያል፤ ልስኑ ሆድ ያወጣል፣ ሲያንኳኩት እንደ ባዶ እንስራ ይጮኻል፣ አንድ ቀንም በአንሶላ ስፋት ተገምሶ ይወድቃል። ያን ጊዜ ግንበኛውን ትሰድባላችሁ። ግንበኛውም ስሚንቶው መጥፎ ነበር ይላችኋል። ሁለታችንም እንዋሻለን።

የብሎኬት ቤት ያላችሁም «የእኛ ጭቃ አይደለም» አትበሉ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ጎርፉ ከክፍሉ ሲወጣ በብሎኬቱ ሆድ ውስጥ የገባው ውሃ በዚያው ይቀመጣል። ከወለሉ በላይ ባለው የመጀመሪያ ረድፍ ላይ በየብሎኬቱ ባዶ ክፍል ትይዩ ትንሽ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ብትከፍቱ ውሃው ሲወርድ ታያላችሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት እኔም ደንግጫለሁ፣ ምክንያቱም ጎርፉ ከሄደ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ግድግዳው ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ዱቄት ሲበቅል ካያችሁ ደግሞ ውሃው ከመሬትና ከስሚንቶው ያሟሟውን ጨው ይዞ እየወጣ ነውና በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፤ በውሃ ብታጥቡት ግድግዳው ጨዉን መልሶ ይጠጣል፣ በቀለም ብትሸፍኑት ቀለሙን ገፍቶ ይጥለዋል። ከድንጋይና ከጭቃ የተገነቡት የመጋላ ሠፈር የድሮ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ እነሱን በወራት እንጂ በሳምንት አትቁጠሯቸው።

«የድሬ ፀሐይ እያለ ምን ችግር አለ» የምትሉትን ሰምቻለሁ። እኛን ያታለለችን ይህቺው ፀሐይ ናት። ሙቀታችን የግድግዳውን ፊት በሁለት ቀን ያደርቀዋል፤ እጃችሁን ስታሳርፉበት ደረቅ ነው፣ ሞቃትም ነው። ልቡ ግን እርጥብ ነው። መፈተኛው ቀላልና ያለ ወጪ የሚሆን ነው፦ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ለጥፉት፤ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተዉት፤ ከላስቲኩ ጀርባ ጤዛ ካገኛችሁ ግድግዳችሁ ገና አልደረቀም። ይህን የማያደርግ ግንበኛ ለሥራ ሲመጣባችሁ ቡና ጠጥቶ እንዲሄድ አድርጉ።

ከልስን በፊት ስላለው ሥራም ችላ ባይነታችን ያሳዝናል። ውሃ የነካውን የመብራት ቆጣሪና ማከፋፈያ ባለሙያ ሳያየው የሚያበራ ሰው በልጆቹ ሕይወት ይቀልዳል። ደለሉን እርጥብ ሳለ በአካፋ ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ «ይድረቅና እናወጣዋለን» ስትሉት በዶማ የሚፈለጥ ድንጋይና ሳንባ የሚገባ አቧራ ይሆንባችኋል፤ አውጥታችሁም ወደ ቦዩ የምትገለብጡት የሚቀጥለውን ጎርፍ በእጃችሁ እየጠራችሁ ነው። ያ ደለል አፈር ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ያገኘውን የመጸዳጃ ጉድጓድ ሁሉ ይዞ የመጣ ነውና ልጆች በባዶ እግር አይርገጡት። ሊሾውንና መታጠብ የሚችለውን ዕቃ በመጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፤ ጭቃ ባልለቀቀ ነገር ላይ በረኪና ማፍሰስ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ከታጠበ በኋላ ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ አንድ ኩባያ በረኪና ይበቃል፤ ከአሲድና ከሌላ ማጽጃ ጋር ግን ፈጽሞ አትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጭስ ያፍናል። ጎርፍ የገባበት የስፖንጅ ፍራሽ አይድንም። ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ለሠራተኛችሁ የሰጣችሁት ፍራሽም እንዲሁ አይድንም፤ ይህን ማንሣቴ ስላየሁት ነው።

ሻጋታ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሥር ይይዛል። ስለዚህ ቤቱ መዘጋት የለበትም፤ «ሌባ ይገባል» ከሆነ ነገሩ፣ ዘበኛ ለጥቂት ሌሊት መቅጠር የአስም መድኃኒት ለዓመታት ከመግዛት ይረክሳል። ቁም ሣጥንና ሶፋ ከግድግዳ ራቅ ይበል፤ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ቺፑድ ቢደርቅም ወደ ነበረበት አይመለስምና አታስታምሙት። ውሃው የደረሰበትን ምልክት ፈልጋችሁ ከእሱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ድረስ ያለውን የድሮ ልስን አስፍቁ፤ ግድግዳው እርቃኑን ይቁም። መብራቱ በባለሙያ ከታየ በኋላ ከድሬ ቤት የማይጠፋውን ቬንትሌተር ከሰው ፊት አንሥታችሁ ወደ ግድግዳው አዙሩት። ነገር ግን ክፍሉን ለማድረቅ ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር አትዝጉ። ከጎርፍ የተረፈ ቤተሰብ በከሰል ጭስ ሲሞት ማንን እናማርራለን? በግቢው ውስጥ የቀረውን ኩሬና በየጎማው፣ በየጣሳው የተጠራቀመውን ውሃም ድፉት፤ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት ከተማችንን አልጋ ላይ ባዋላት ጊዜ፣ ትንኟ የምትራባው እንዲህ ባለው በደጃችን በተቀመጠ ውሃ እንደሆነ ተምረናል።

ከሁሉ የከፋው ግን የአከራዮች ነገር ነው። ጎርፍ ግድግዳ ላይ የሚተወው ቡናማ መስመር የቤቱ ምስክር ነው፤ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ፣ አልጋው በምን ያህል ከፍታ መሠራት እንዳለበት፣ ሶኬቱ ከየት በላይ መሆን እንደሚገባው ይናገራል። እናንተ ይህን ምስክር በቀለም ገድላችሁ፣ «ጎርፍ ይገባ ነበር ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ተከራይ «አረ በጭራሽ!» ትላላችሁ። ተከራዩም ደቻቱን ያየው አሸዋ ሆኖ ነውና ያምናችኋል፤ ሕፃን ልጁን ወለል ላይ ያስተኛል። አንድ ባለቤት በዚህ ዓይነት ቤት ሥራ ጨርሼ ሒሳብ ሲከፍለኝ፣ «መስመሯ እንዳትታይ ሁለት እጅ አድርገህ ቀባልኝ» ብሎ ነበር። ቀባሁለት። ደመወዜንም ተቀበልሁ። ስለዚህ ለእናንተ የምለውን አስቀድሜ ለራሴ ብያለሁ። ያን መስመር ቀለም ብትቀቡበትም እንኳ በበሩ መቃን ላይ በመሮ ቁረጡት፤ አጠገቡም ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። የሚከራይ ሰው አይቶት ቢሄድ ኪራዩ ይቀርባችኋል፤ አይቶት ቢቀመጥ ደግሞ ዐውቆ የሚቀመጥ ጎረቤት ታገኛላችሁ።

ስለ እድራችንም ቅሬታ አለኝ። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፤ ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ከደጅ ይደርሳል፣ እግዜር ይስጠው። ያው ሰው በሕይወት ሳለ ቤቱ በጭቃ ሲሞላ ግን እያንዳንዱ በየራሱ ባልዲ ውሃ ይቀዳል፤ አካፋ ከሩቅ ሠፈር ይለመናል። ለመቶ አባወራ አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ ዐሥር አካፋና ጥቂት የእጅ ጋሪ ለመግዛት ከወርኃዊ መዋጮው ስንት ይነካል? ግድግዳ መድረቁን መለየት የሚችል አንድ ግንበኛና አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በየእድሩ አሉ፤ ጎርፍ በመጣ ማግሥት ቤት ለቤት እንዲዞሩ ማዘዝ ደግሞ ገንዘብም አይጠይቅም። ይህን ሐሳብ በእድራችን ስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ አንሥቼ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ ስንከራከር መሸ። የድንኳኑ ቀዳዳ እስካሁን አልተደፈነም።

ያንን ሁለት እጅ የቀባሁትን ቤት ባለቤቱን አስፈቅጄ ባለፈው ኅዳር ልስኑን በነጻ አወረድሁለት። ስሚንቶው በእጅ ብቻ ተላቀቀ። ከበሩ በስተግራ ያለው ቋሚ እግሩ ስላልነበረ መሮዬ እስከ እጀታው ገባ፤ ጣሪያውን ይዞት የኖረው ማገሩና ልማዱ ነበር። ቋሚውን ለውጠን፣ ሥሩን ከመሬት አንሥተን በድንጋይ ላይ አቆምነው። ግድግዳው ዛሬም እርቃኑን ነው፤ ተከራይዋ እንግዳ ሲመጣባት ነጠላዋን ትሰቅልበታለች፣ እኔም በየሁለት ሳምንቱ ላስቲኬን ይዤ እሄዳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጤዛው የተገኘው ከታች አንድ ስንዝር ላይ ብቻ ነበር።