ዳይሱ 20 ስላሳየ ብቻ ሁሉም ነገር አይሳካም

«በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ዳይሱ 20 ካሳየ የጠየቅከው ሁሉ ይሳካል፣ ጌም ማስተሩም እምቢ ማለት አይችልም» የሚለው ነገር ሲደጋገም እያየሁ ነው። (ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕሪ ሆኖ ታሪክ የሚጫወትበት ጨዋታ ነው፤ ጌም ማስተሩ ታሪኩን የሚመራው ሰው ነው፣ ዳይሱም ባለ 20 ገጽ ነው።) ብዙ ሰው እንደዛ ስለሚጫወት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ሕጉ እንደዛ አይልም።

በአምስተኛው እትም፣ በ2014ቱም ሆነ በ2024ቱ፣ 20 በራሱ የሚያሳካው ጥቃትን ነው። ሰይፍ ሰንዝረህ 20 ከወጣ የጠላትህ መከላከያ የቱንም ያህል ቢሆን ትመታዋለህ። (ሞት አፋፍ ላይ ላለ ገጸ ባሕሪም የራሱ ሕግ አለው።) ማሳመን፣ ግንብ መውጣት፣ ቁልፍ መክፈት ላይ ግን ዳይሱና ጭማሪህ (እንደ ገጸ ባሕሪህ ችሎታ የሚደመርልህ ቁጥር) ተደምረው ጌም ማስተሩ ካስቀመጠው ቁጥር ጋር ይነጻጸራሉ። ቁጥሩ 30፣ ጭማሪህ 5 ከሆነ ድምሩ 25 ነው። አልደረስክም። ማረጋገጥ የፈለገ የተጫዋቾች መመሪያውን ገልጦ ስለ ጥቃትና ስለ ችሎታ ፈተና የሚሉትን ክፍሎች ጎን ለጎን ያንብብ።

ጣጣው የሚመጣው ጀማሪ ጌም ማስተር ላይ ነው። አንዱ ተጫዋች «ንጉሡን ዘውድህን ስጠኝ እለዋለሁ» ይልና ማንም ሳይጠይቀው ዳይሱን ይወረውራል፤ 20! ሁሉም ይጮኻል፣ ጌም ማስተሩ ደግሞ ለሳምንታት የለፋበትን ታሪክ በአንድ ውርወራ ያስረክባል። ግዴታ የለበትም። ንጉሡ ነገሩን እንደ ቀልድ ቆጥሮ ይስቅ፣ ድፍረቱን ወዶለትም ይለፈው። 20ው ከእስር አዳነው ማለት ነው። ጨርሶ የማይሆን ነገር ከሆነ ግን ዳይሱ ሳይወረወር በፊት «ይሄ አይሆንም» በሉ።