የ12 ካሬ ርስት

ሰውዬው የመኪና ቁልፍ ይዞ ሲወጣ አየሁት። መሀል ከተማ ላይ ቁልፍ የያዘ ሰው እንደ ሙሽራ ነው፤ አጃቢ አያጣም። እኔም ፍሬቻ አብርቼ በአንደኛ ማርሽ ተከተልኩት። እሱ በእግሩ፣ እኔ በመኪና፣ ፍጥነታችን አንድ። ከኋላዬ ያሉት ክላክስ ያደርጋሉ። ያድርጉ። ማቆሚያ ፍለጋ ሃያ ደቂቃ ዞሬ ያገኘሁትን ሰው ለማንም አሳልፌ አልሰጥም።

መኪናው ጋ ደረሰ። በሩን ከፈተ። ወደ እኔ ገልመጥ አለ። ገባ። ቀበቶውን አሰረ። ስፖኪዮውን አስተካከለ። መነጽሩን አውልቆ ወለወለና መልሶ አደረገ። ጠበቅኩ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ይሄኔ ትዕግስቴ አለቀና ክላክሱን ነካ አደረግኩት፤ ነካ ብቻ። በስፖኪዮው አየኝ። አየኝና የሚያነበውን መልእክት ከመጀመሪያው ጀመረው።

ኋላ ሳጣራ ለካ ጥፋቱ የኔ ነው። አሜሪካ፣ አትላንታ አካባቢ አንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ውስጥ ሰዓት ይዘው የተቀመጡ ተመራማሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ማንም የማይጠብቀው ሹፌር ቦታውን ለመልቀቅ 32 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ሌላ መኪና ቆሞ ሲጠብቀው 39 ይሆናል። ክላክስ የተደረገበት ደግሞ 43። አስቡት፤ ሊሄድ የተነሳ ሰው፣ የሚቸኩል ሰው፣ ሌላው ስለፈለገው ብቻ ቦታው ይጣፍጠዋል።

ሰውዬውን ረግሜው ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት አንድ ምስኪን ፍሬቻ አብርቶ ሲጠብቀኝ፣ እኔም ወንበሬን ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ደግሞ ወደፊት ሳስተካክል ነበር። ወንበሩ ምንም አልሆነም።

አንድ መኪና መንገድ ዳር የሚቆምበት ቦታ ቢለካ 12 ካሬ ቢሆን ነው። ሰነድ የለው፣ ውል የለው። የሕዝብ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ እንደ አባት ርስት የማይሟገትለት የለም። «ቦታዬን ያዘብኝ» ነው የሚባለው። ቦታዬን! ትናንት አንድ ሰዓት ስለቆመበት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው ባለበት ነው ጎዳናችን ሊታደስ ነው የተባለው። የተባለ ቀን አጨበጨብን። ዝርዝሩ ሲነበብ ጭብጨባው ሳሳ። የእግረኛው መንገድ ይሰፋል፤ እሰይ። ዛፍ ይተከላል፤ እሰይ። አግዳሚ ወንበር ይደረጋል፤ እሰይ። በአንድ በኩል ያለው ፓርኪንግ ይነሳል። ጸጥ።

ስብሰባ ተጠራ። ግድግዳው ላይ የወደፊቱ ጎዳና ሥዕል ተለጥፏል። ቆንጆ ነው፤ አይካድም። እንዲህ ያለ ሥዕል ላይ ዝናብ አይዘንብም። ዛፉ ገና ሳይተከል አድጓል። ሰዎቹ በሙሉ ቀጫጭን ናቸው፤ አንድ ሕፃን ፊኛ ይዟል። ያቺ ፊኛ ስንት ከተማ እንደዞረች እሷ ናት የምታውቀው። መኪና ካለ አንድ ነው፤ እሱም ሽው ብሎ ያልፋል እንጂ ማቆሚያ አይፈልግም። ራሴን ፈለግኩ። ሆዱ ገፋ ያለ፣ ፍሬቻ አብርቶ የሚዞር ሰው ሥዕሉ ላይ የለም።

የጫማ መደብሩ ባለቤት ተነሱ። «የኔ ደንበኛ የሚመጣው በመኪና ነው። ፓርኪንጉን ከምታነሱት እኔኑ ከነጫማዬ አንሱኝ!» አዳራሹ ደገፋቸው። አንዲት ወጣት እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ በርዎ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የቆመችው ነጭ መኪና የማን ናት?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔ ናት። ታዲያ የት ላቁማት ልጄ?»

ይህ ጥያቄ ከእሳቸው አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ የመሀል ከተማ ሠራተኞች መኪናቸውን ጠዋት ሱቅ በር ላይ ያቆሙና ማታ ነበር የሚያነሱት። ገዢ ቦታ አጣ፤ ነጋዴ ጮኸ። መላ ፈልግ የተባለው ካርል ማጊ የሚባል የጋዜጣ ሰው ነው። በ1935 ሳንቲም የሚበላ ሳጥን መንገድ ዳር አስተከለ፤ በሰዓት አምስት ሳንቲም። የዓለም የመጀመሪያው የፓርኪንግ ሂሳብ መቁጠሪያ እሱ ነው። ነጋዴውን ከራሱ ሠራተኛ ለማዳን የተሠራ ሳጥን ነው እንግዲህ ዛሬ ነጋዴውም ገዢውም አብረው የሚረግሙት።

«ደንበኛዬ በመኪና ነው የሚመጣው» የሚለውንም የመረመረ አልጠፋም። እንግሊዝ፣ ብሪስቶል ውስጥ ባለሱቆች ሲጠየቁ ከደንበኞቻችን 41 በመቶው ባለመኪና ነው ብለው ገመቱ። ደንበኞቹ ራሳቸው ሲጠየቁ 22 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ባለሱቆቹ አልዋሹም። በእግሩ የመጣ ሰው ዝም ብሎ ገብቶ ገዝቶ ይሄዳል። በመኪና የመጣው ግን «ኧረ ይሄ ፓርኪንግ ገደለን!» እያለ ነው የሚገባው። ማን ይታወሳል?

ደግሞ ጥጉ ላይ ፎቅ ይሠራል ተባለ፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። «ስንት ሰው ይኖርበታል?» ያለ የለም። «ስንት መኪና ያቆማል?» ነው ጥያቄው። ብዙ ከተማ ይህን ደንብ አውጥቶ ሲያስገድድ ኖሯል፤ ለዚህን ያህል ቤት ይህን ያህል ማቆሚያ ካልሠራህ ፈቃድ የለም። የአሜሪካዋ ቡፋሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ደንቡን እስከምታነሳ ድረስ እሷም እንደዚያው ነበረች። ሕንፃ ሥር አንድ መኪና ከነመተላለፊያው 30 ካሬ ገደማ ይበላል። እኔ መጀመሪያ የተከራየኋት ቤት ከዚያ ታንስ ነበር። ያውም እኔ ሌሊት እገላበጣለሁ። መኪና ከተገለበጠ ጣጣው ሌላ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ዕቅዱን ደግፌያለሁ። እጄን አውጥቼ። ምክንያት አለኝ፤ ዶናልድ ሹፕ የተባሉ የሎስ አንጀለስ ፕሮፌሰር ከዩኒቨርሲቲያቸው አጠገብ ባለ 15 ብሎክ ብቻ በሆነ የንግድ ሰፈር ቦታ ፍለጋ የሚዞሩ መኪኖችን አጥንተው ነበር። የዓመቱ ሲደመር 38 ጊዜ ምድርን የመዞር ያህል ሆኖ ተገኘ። ሳነበው አፈርኩ። ከ38ቱ አንዱን እኔ እዚሁ ጎዳናችን ላይ ሳልዞረው አልቀርም። መቼም አንዱ ማቆም አለበት ብዬ እጄን አወጣሁ። የሚነሳው ፓርኪንግ ደግሞ ማዶ ያለው መስሎኝ ነበር።

የኔ ወገን ነው ለካ።

ሥራው ተጀመረ፤ አቧራው፣ ጉድጓዱ፣ እንጨት ላይ መሻገሩ፣ ይህን ሁሉ የምታውቁት ነው። እስኪያልቅ ድረስ ሁላችንም ነቢይ ሆንን። «ይሄ እኛ ጋ አይሠራም» ተባለ። ኮፐንሃገንም እ.ኤ.አ. በ1962 ዋናውን የገበያ ጎዳናዋን ለመኪና ስትዘጋ እንዲሁ ተብሏል፤ እኛ ጣሊያን አይደለንም፣ በዚህ ብርድ ማን ደጅ ይቀመጣል ተብሎ። ዛሬ ብርድ ልብስ ደርበው ይቀመጣሉ። ኒውዮርክ በ2009 ታይምስ ስኩዌር በሚባለው አደባባይ ብሮድዌይ ጎዳናን ለመኪና ዘግታ ርካሽ ታጣፊ ወንበር ስትዘረጋ ደግሞ፣ መንገዱ መዘጋቱ ቀርቶ ወሬው ሁሉ ስለ ወንበሮቹ ሆነ። የሰው ልጅ መቀመጫ ካገኘ የሚያጉረመርመው ተቀምጦ ነው።

ጎዳናችን አለቀ። ዛፎቹ ሥዕሉ ላይ እንዳሉት አይደሉም፤ በክራንች የቆሙ ቀጫጭን በትሮች ናቸው። የጫማ መደብሩ በር ላይ፣ ነጯ መኪና ትቆምበት በነበረው ቦታ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርጓል። ጋሼ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠውበታል። ለደንበኛ ቦታ የለም።

እኔ ከሳቸው ዝቅ ብሎ ያለውን አገኘሁ። በእግሬ ነበር የመጣሁት፤ ደክሞኛል፤ ጥቂት አረፍ አልኩና ልሄድ ስነሳ አንዲት እናት በሁለት እጃቸው ፌስታል ተሸክመው ፊቴ ቆሙ። ምንም አላሉም። ወንበሩን አየት፣ እኔን አየት አደረጉ። ፌስታሉን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ።

«ልጄ፣ ልትነሳ ነው?»

«አዎ እናቴ፣ አሁን» አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። የጫማዬን ክር አጠበቅኩ። መነጽሬን ወለወልኩ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ።