«እንደ አዲስ ናት!»

አሁንስ በቃኝ! ዛሬ ደግሞ ይቺ ያገለገለች ብዬ የገዛኋት ሞተር ሳይክል መብራት ላይ ጠፋችብኝ። አረንጓዴው በራ፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ለቀቀው፣ እኔ እንደ እብድ ማስነሻዋን እረግጣለሁ። ከገዛኋት እኮ ገና ሦስተኛ ቀኔ ነው!

«እንደ አዲስ ናት» ነበር ያለኝ ሻጩ። የምን አዲስ? ጎማዋ ጎን ላይ 2314 ይላል። በፈረንጆቹ 2014፣ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ይቺን ቁጥር ያየኋት መቼ ነው? ከከፈልኩ በኋላ። ጀግና ነኝ!

ፎሌ፣ ማለትም ማርሹ ነጻ የሚሆንበትን ቦታ፣ ማግኘት ሎተሪ ነው። የኋላ ጎማዋን የሚያዞረው ካቴና (ሰንሰለቱ) ላልቶ ልጆች የሚዘሉበት ገመድ ይመስላል። የፊት ፍሬኑን ስይዘው መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ያስባል፣ ከዚያ ደስ ካለው ያቆማል። ፍሬቻው ግራው ብቻ ይሠራል። ዕድሜ ልኬን ወደ ግራ እየታጠፍኩ ልኑር?

ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን ላያት የሄድኩ ቀን ነው። ገና አንዴ ሲነካት ተነሳች። እኔም ፈዝዤ ቀረሁ። ጠጋ ብዬ ሞተሯን በእጄ ስነካው ትኩስ ነበር። «አሁን ዞር ዞር ብዬባት ነው» አለኝ። አመንኩት! ለካ ሰውየው ቀድሞ አሙቆ ነው የጠበቀኝ። እውነቱን የሚናገረው ቀዝቃዛ ሞተር ነው፤ ይኸው አሁን ጠዋት ጠዋት ቾኩን (ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት የሚሳበውን) ስቤ፣ ለምኜ፣ ተሳድቤ፣ ላብ በላብ ሆኜ ነው የምትነሳው።

ዛሬ ደወልኩለት። «አይዞህ፣ ጸባይዋን እስክትለምድ ነው» አይለኝም?

ሞተር ነው የገዛሁት ወይስ በቅሎ?